የሚኒባሱ አልጋ

አባቴ ላይ ጮኬ አላውቅም ነበር። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ መርካቶ ሰባተኛ ውስጥ የራሴ የሸራ ስፌት ሱቅ አለኝ፤ ከደላላና ከጫኝ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። አባቴ ፊት ግን ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም። ያን አርብ ከፍ አለ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ነገሩ የጀመረው በሚኒባሱ ነው። ባሌ አሥራ ስድስት ዓመት ታክሲ የሠራበት መኪና ነበረን። ሞተሩ ሲደክም፣ የባሌም ወገብ አልታዘዝ ሲል፣ ሥራውን አቆመና ደጃችን ላይ ገተረው። "እንሽጠው" አለኝ። እኔ ደግሞ ለወራት በሆዴ ይዤ የነበረውን አወጣሁት። ወንበሮቹን እንንቀል፤ አልጋና ምድጃ እናስገባበት፤ ሰው የሚያድርበት መኪና ይሁን። ለአረፋ መርካቶ ጭር ሲል አባቴን ይዘን አዋሽ ፓርክ እንሂድ፤ ፍልውሃው ጋ ሁለት ሌሊት እንደር።

"አባትሽ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ይደግፈዋል" አለኝ ባሌ።

"አልጋ የምልህ ለዚያ አይደል እንዴ!"

አባቴ የተሳቢ ሾፌር ነበር። መጀመሪያ በአሰብ መንገድ፣ በኋላ በጅቡቲ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ነድቷል። ልጅ ሳለሁ ቤት የሚያድረው በወር ሁለት ሦስት ሌሊት ነው። ሲመጣ ቴምር ያመጣልናል፤ ስለዚያ ውሃም ያወራናል። በረሃው መሀል፣ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ፣ ዙሪያውን ዘንባባ። ትኩስ ነው፤ ከገቡበት ግን መውጣት ያስጠላል። እዚያ ውስጥ ጋደም ሲል የሦስት ቀን መንገድ ከአጥንቱ ውስጥ ተንጠፍጥፎ ይወጣል። "እወስዳችኋለሁ" ይለናል፤ "ትምህርት ይዘጋና።" ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ "ክረምት መንገዱ አይመችም" ይላል። ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴ ለዚያ ጉዞ ብላ ቢጫ ቀሚስ አሰፋችልኝ። ቀሚሱ ሳይሄድ ጠበበኝ። ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ።

ያኔ አልከፋኝም። ሥራ ነው፣ ጭነት ነው፣ አባቴ ነው። አሁን ደግሞ ከእናቴ ጋር እኛው ግቢ ነው የሚኖረው፤ ጉልበቶቹ ከድተውታል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አይችልም፤ ከሰፈር ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሱ ካልወሰደን እኛ እንውሰደው አልኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ስድስት ሳምንት ፈጀብን። ብረትና ቁራጭ ዕቃ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። አንድ በያጅ ከቱቦላሬ ብረት ሁለት አልጋ ሠራልን። አንደኛውን በአባቴ ቁመት ልክ፣ ከጎኑ የሚይዘው የብረት መደገፊያ ያለው፣ ከሥሩ ደግሞ የሽንት ባልዲ የሚገባበት ክዳን ያለው ሳጥን። ይህን ሳስረዳው በያጁ ሳቀ።

"እትዬ፣ መኪና ነው ሆስፒታል የምንሠራው?"

"ለአባቴ ነው" አልኩት። ሳቁን ዋጠው። እንዳይንቀሳቀስ ብሎም አልጋውን ከመኪናው ወለል ጋር በየደው።

ከሱቄ ወፍራም አረንጓዴ ሸራ ቆርጬ ከጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋ ጥላ ሰፋሁ። ለመስኮቶቹ መጋረጃ ሰፋሁ። አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉት የዕቃ ሱቆች ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የማይሰበር ሳህን፣ አራት ጀሪካን ገዛሁ። ሰፈሩ አሾፈብኝ። የኛ ሰው ለአረፋ አገር ቤት ነው የሚገባው፤ መርካቶ ባዶዋን የምትቀረው በዚያ ሳምንት ነው። "ሰው ወደ ዘመዱ ሲሄድ እናንተ ወደ ከርከሮ ነው የምትሄዱት?" አለችኝ ከጎኔ ገመድ የምትሸጠው ሴት። አብሬያት ሳቅሁ። ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ እህል በረንዳ የጤፍ ጅምላ ነጋዴ ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። አንድ ቀን መጣና የመኪናውን በር ከፍቶ አልጋውን አየ።

"ለምን እዚያ? መዋኘት ካማራችሁ ሶደሬ ቅርብ ነው። ላንጋኖም አለ።"

"አባዬ ሲያወራን የኖረው ስለ ሶደሬ አይደለም።"

"ሽማግሌ ያወራውን ሁሉ እየተከተልሽ..." አለና አልጨረሰውም። በሩን ዘግቶ ሄደ። የእሱ ነገር መቼም እንዲህ ነው፤ ሰው ደስ ሲለው ደስ አይለውም ብዬ ተውኩት።

አባቴም እንደዚያው። አልጋው ያለቀ ዕለት ባሌና እኔ ደግፈን አስተኛነው። ዓይኑን ጨፈነ። "ጥሩ ነው" አለ። በማግስቱ "ሙቀቱን አልችለውም" አለኝ። ቀጥሎ "ወባ አለ።" ቀጥሎ "መንገዱ ፈራርሷል ይላሉ።"

"ማን ነው የሚለው አባዬ?"

"ይባላል።"

እናቴ ከአጠገቡ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና አትልም። በባልዲው አፍሮ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ በአልጋው ዙሪያ የሚጎተት ሌላ መጋረጃ ሰፋሁለት፤ ማንም እንዳያየው። ይቺን መጋረጃ ሳስባት ነው እስከ ዛሬ በጣም የሚነደኝ።

አርብ ቀትር ሲቃረብ የአባቴ የድሮ የመንገድ ጓደኛ ሱቄ መጡ። እሳቸውም ሾፌር ነበሩ፤ አሁን ልጃቸው የሚነዳውን ተሳቢ ሸራ ሊያስጠግኑ ነው። ዕቅዳችንን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"ጋሼ፣ እዚያ መኪና የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚታደር የሚያውቅ ሰው ያውቃሉ?"

"ምን ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ? ልጅቷ አለች አይደል! መተሐራ ናት፤ ባሏ የፓርኩ ጠባቂ ነው። ለእሷ ደውይ።" ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ቁጥሩን አነበቡልኝ። "ልጅቷ" ሲሉኝ ማን እንደሆነች የማውቅ ያህል ነበር። እኔ የሸራውን ቀዳዳ እየቆጠርኩ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

እሳቸው እንደወጡ ደወልኩ። ፈጣን፣ ደፋር ድምፅ ያላት ሴት አነሳች። ከአዲስ አበባ ነኝ፤ በሚኒባስ ልንመጣ ነው፤ ሽማግሌ አባት ይዘናል፤ መኪናው ውስጥ ነው የምናድረው አልኳት።

"ሚኒባሳችሁ ከመሬት ከፍ ይላል?"

"እንደ ታክሲ ነው።"

"እንግዲያው ቀስ ብላችሁ። ከበሩ እስከ ፍልውሃው ድንጋይ ነው፤ ሆዱን ይመታባችኋል። በጠዋት ግቡ፤ ከጠባቂ ጋር ነው የሚገባው። ዘንባባው ሥር እንዳታቆሙ፤ ዝንጀሮ ዳቧችሁን ይወስደዋል። ጠባቂዎቹ ካሉበት አጠገብ ጥላ አለ፤ እዚያ እደሩ።"

"ውሃ ይዘን እንምጣ?"

"የመጠጥ ውሃ አዎ። ደግሞ ላይኛው ምንጭ ያቃጥላል፤ እንዳትገቡበት። ታችኛው ነው የገላ። ለሽማግሌ ከድንጋዩ በግራ በኩል ጥልቀት የሌለው ቦታ አለ። ቁጭ ብሎ ይታጠብበታል።"

የምትለውን ሁሉ በጠመኔ ካርቶን ላይ ጻፍኩ። ምን ዓይነት መልካም ሰው ናት አልኩ በልቤ። ስልኩን ልዘጋ ስል ጠየቀችኝ።

"ከየት ሰፈር ናችሁ?"

"መርካቶ፤ ሰባተኛ።"

"የኔን ስልክ ማን ሰጠሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ያ ደፋር ድምፅ አንሶ መጣ።

"ጉልበቱ እንዴት ነው?"

"የማን ጉልበት?"

"የአባዬ።"

"የማን አባት?"

"አልነገሩሽም ማለት ነው" አለች። "ያንቺም ነው፤ የኔም ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለችኝን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ተሳቢዎቹ በሚቆሙበት ሻይ ቤት ነበራት፤ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። እሷ ስለ እኛ ሁሉን ታውቃለች፤ ስማችንን፣ ሥራችንን፣ የልጆቼን ዕድሜ ሳይቀር። "ሸራ የምትሰፊው አንቺ ነሽ" አለችኝ። ስንት የሚጠየቅ ነገር እያለ ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ፍልውሃው ጋ ይወስድሽ ነበር?"

"በመጣ ቁጥር። ዋና ያስተማረኝ እዚያ ነው።"

እኔ ዋና አልችልም።

ሱቁን ሳልቆልፍ ወጣሁ። ከኋላዬ የገመድ ሻጯ ስትጣራ ሰምቻለሁ፤ አልዞርኩም። አንዋር አካባቢ ስደርስ የጁምዓ ሶላት ጀምሯል። ሰዉ አስፋልቱን ሞልቶ፣ ምንጣፍና ካርቶን አንጥፎ በመስመር ቆሟል፤ ማለፊያ የለም። አንድ ጥግ ላይ ፀሐይ እየመታኝ ቆምኩ። ሁሉም ዝም ብሎ ይሰግዳል፤ እኔ ብቻ ዓመት እቆጥራለሁ። እሷ ሠላሳ አራት። እሷ ስትወለድ እኔ ሰባት። ያ ቢጫ ቀሚስ የተሰፋው በዚያው ዓመት ነው። ክረምት መንገዱ አይመችም ሲለኝ መንገዱ ላይ ልጅ ወልዶ ነበር። ሰው በተንበረከከበት ቦታ እንዲህ ያለ ንዴት ይዞ መቆም ያስፈራል፤ ፈርቼ ነበር፤ ግን አልበረደልኝም።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ነበር። እናቴ ከአጠገቡ ምስር ትለቅማለች። ሰላም አላልኳቸውም።

"መተሐራ ደወልኩ" አልኩት።

የሙስበሃ መቁጠሪያውን የሚቆጥረው እጁ ቆመ። ማን ጋ አላለኝም። ለምን አላለኝም።

"ደህና ናት?" አለኝ።

ያኔ ነው የጮህኩት። "ደህና ናት? ደህና ናት ነው የምትለኝ? ሠላሳ አራት ዓመት! እኔን በክረምት መንገድ ስታታልለኝ፣ እሷን ዋና ታስተምራለህ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለች እናቴ።

"ይስማ! ሁሉም ይስማ!" ብዬ ዞርኩባት። ፊቷን ሳየው ድንጋጤ የለበትም። የሰማችው ነገር ለእኔ እንጂ ለእሷ አዲስ አልነበረም። "አንቺም ታውቂያለሽ" አልኳት።

"እኔ ያወቅኩት አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ ነው።" ምስሩን ሰፌድ ላይ አራገፈችው። "ወንድምሽም ያውቃል። ለአረፋ ጤፍ የሚልክላት እሱ ነው።"

ለካ እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም እያወቁ፣ እኔ ብረት ሳስበይድ፣ መጋረጃ ስሰፋ፣ ለባልዲው ክዳን ስለካ ቁጭ ብለው አዩኝ።

"ስድስት ሳምንት!" አልኳቸው። "አንዳችሁ እንኳ ተይ አላላችሁኝም!"

"ብዬሽ ነበር እኮ" አለ አባቴ። "ሙቀቱን አልችልም ብዬሽ ነበር።"

እንዲህ ነው ያለኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ "እናቷ ስትሞት አልሄድኩም። ያኔ እግሬ ይሄድ ነበር። በምን ፊት አያታለሁ?" አለ። ሌላ ቀን ቢሆን አዝንለት ይሆናል። ያን ቀን ግን "ፊትህን ተወው፤ ለእኔስ በምን አፍህ ነው ስለዚያ ውሃ ስታወራልኝ የኖርከው?" አልኩት። ሙስበሃውን መቁጠር ቀጠለ። መልስ ስለሌለው ሳይሆን፣ ዝም ካለ እንደሚያልፍለት ስለለመደ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው ያለፈለት።

ቁልፍ መፍቻ ይዤ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። አልጋውን ልነቅለው ነበር። ለካ የተበየደ ብረት በመፍቻ አይነቀልም፤ ደበደብኩት፤ እጄን ላጥኩት። ባሌ መጣ። ምን ሆንሽ አላለኝም፤ ጩኸቴን ሰምቷል።

"መንቀል ከፈለግሽ በያጁን ልጥራልሽ" አለኝ። "ብቻሽን አትችይውም።"

መኪናው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከሐዘን አልነበረም። በብስጭት የሚለቀስ ለቅሶ አለ፤ ሰው ሲያጽናናው የሚብስ። ባሌ ያውቀኛል፤ አላጽናናኝም።

ወንድሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። የሱቅ ኮቱን እንኳ አላወለቀም፤ ትከሻው ላይ የጤፍ ብናኝ አለ።

"ነገሩን አታስፊው" አለኝ። "ያልነገርንሽ ለእማዬ ብለን ነው። እሷን ለመጠበቅ።"

እናቴ ከውስጥ ሰማችው። ወጣች። በሕይወቴ እናቴ ስትቆጣ ያየሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

"እኔን? እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለችው። "እናንተ ስትደብቁ እኔ ስደበቅ ኖርኩ። እኔ እሄዳለሁ።"

"የት?"

"ፍልውሃው ጋ። ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ እሱ ስሰማ ኖሬያለሁ። ምን ዓይነት ውሃ ቢሆን ነው? ላየው ነው።"

"አብደሻል እማዬ? እዚያ እኮ..."

"እዚያ ማን እንዳለች አውቃለሁ። መኪናው የልጄ ነው፤ አንተ አትፈቅድልኝም አትከለክለኝም።"

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ፣ ከመናደዴ ብዛት የሞተው ዕቅድ ውስጤ ሲነሳ ተሰማኝ። እንሄዳለን። ለአባቴ ብዬ አይደለም። ለእናቴም ብዬ ብቻ አይደለም። ከተነገረኝ ነገር ሁሉ ውስጥ እውነቱ ያ ውሃ ብቻ ስለነበረ ነው።

የቀረውን ዝግጅት ያደረግነው እየተነጫነጭን ነው። ጎማ ተቀየረ፣ ጀሪካኖቹ ታጠቡ፣ ሸራው ታሰረ። ለአባቴ ሳህኑን አቅርቤለት እወጣለሁ። መተሐራ ሁለተኛ ጊዜ ስደውል ንግግራችን ደረቅ ነበር። የምንደርስበትን ሰዓት ነገርኳት።

"ይመጣል?" አለችኝ።

"ራሱን ጠይቂው።"

"ጠይቄዋለሁ። እመጣለሁ ብሎኛል።"

ለእኛ አልነገረንም።

የአረፋ ማግስት ጠዋት አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ ጠበቀን። ባሌ እስከ ሚኒባሱ በር ደገፈው። የአልጋውን መደገፊያ ያዘ። ልጆቼ "አያቴ ግባ፣ ግባ!" ይላሉ። አንድ እግሩን አነሳ፤ መልሶ አወረደው።

"ጉልበቴ" አለ።

"እናነሳሃለን" አለው ባሌ።

"አይ። እናንተ ሂዱ።"

እኔ አለመንኩትም። ብለምነው ይገባ ነበር ይሆናል፤ እህቴ በኋላ እንደዚያ ብላኛለች። ሊሸኘን የመጣው ወንድሜ እጁን ይዞ ወደ ቤት መለሰው፤ እኔ በሩን ጎትቼ ዘጋሁት። እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ ጋደም አለች፤ መጋረጃውን ሳበች፤ እስከ መተሐራ አልተነሳችም።

ፓርኩ በር ላይ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ብርቱካናማ ሻሽ ያሰረች ሴት ከጠባቂው ባሏ ጋር ቆማለች። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የአባቴ ግንባር ነው ግንባሯ። እጄን ዘረጋሁ፤ ጨበጠችኝ። አልተሳሳምንም። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች፤ አዲስ የወንድ ሽርጥ ነበር። እኔን አልፋ ወደ መኪናው ሄደች፤ በሩን ከፈተች፤ መጋረጃውን ሳበች።

እናቴ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ተያዩ።

"አልመጣም?" አለች ልጅቷ።

"አልመጣም" አለች እናቴ።

ስልኳን አወጣች። እዚያው መንገድ ዳር፣ ቱሪስት የጫነ መኪና ከኋላችን ቆሞ እየጠበቀ፣ ደወለች። እንዳነሳው ጮኸችበት። "ሦስት ቀን ቤቴን ሳጸዳ ነበር! ለልጆቼ አያታችሁ ይመጣል ብያቸዋለሁ! እናቴን አልቀበርክ፣ እኔን ለመቼ ነው የምታየኝ?" የእሱ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም፤ ማባበያው ግን ይለያል። ባሏ ሊያስቆማት እጁን ሰደደ። እጁን ያዝኩት።

"ተዋት" አልኩት። "ትጩህ።"

ሲበቃት ዘጋችው። ሽርጡን ለባሌ ሰጠችው። ከፊት ወንበር ገብታ መንገዱን አሳየችን፤ በየድንጋዩ "በቀኝ፣ በቀኝ፣ ቀስ" እያለች። ሁለት ሌሊት አብራን ቆየች። ሽንኩርት እየከተፍን አባቴ የነገራትንና የነገረኝን ስናስተያይ፣ አንድ ዓይነት ውሸት ሁለት ቦታ ተነግሮ አገኘነው፤ አንዳንዱ አሳቀን፤ አብዛኛው አላሳቀንም። ውሃው እሱ እንዳለው ነው። ያስጠላኝ ነገር ያ ነው፤ እንዳለው ሆኖ ማግኘቴ። እናቴ ከነቀሚሷ ገብታ እስከ አንገቷ ቁጭ አለችና፣ እስኪመሽ አልወጣችም።

ከተመለስን አምስት ወር ሆነ። ከእህቴ ጋር በስልክ እንገናኛለን፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ገበያ እናወራለን፤ አንዳንዴም እንጣላለን። አባቴን ምሳውን አቀርብለታለሁ፤ እጁን አስታጥበዋለሁ፤ መድኃኒቱን አስታውሰዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ብቻችንን ስንሆን ጠብቆ፣ "ውሃው እንዴት ነው? አልጎደለም?" አለኝ።

"ሄደህ እየው" አልኩት፤ ሳህኑንም አንስቼ ገባሁ።